ፊልሙ አይሰማንም፤ የሚሰማን ጎረቤታችን ነው

በተቋማችን አዳራሽ «ድፍረት» የተባለው ፊልም ከታየ ወዲህ በግቢያችን ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ በምግብ ሰልፍ ላይ አለ፤ በመኝታ ክፍልም፣ በመምህራን ማረፊያም አለ። እንደሚታወሰው ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተከብባ ስትጠለፍ ከኋላ ወንበሮች ፉጨት ተሰማ። «በርታ! እንዳታመልጥህ!» ያለም ነበረ፤ ሣቅ ተከተለው። ከፊት ከተቀመጡት ሴት ዕጩ መምህራን ጥቂቶቹ ተነሥተው ወጡ። ፊልሙ ቀጠለ። መብራት አልበራም፤ ማንም ምንም አላለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወገን ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን «ከእንግዲህ ፊልም ሲታይ ትንፍሽ የሚል ሰው ከአዳራሹ ይውጣ፤ አለዚያ የፊልም ምሽት ይቅር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኧረ ምን ችግር አለው? የገባነው ልንዝናና ነው እንጂ ለቅሶ ልንደርስ አይደለም፤ በፊልም ላይ መቀለድ ማንን ገደለ?» ባይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው እንደሚናገሩ አንጠራጠርም። በእኛ አስተያየት ግን አንደኛው ያለ ጥፋቱ ድምፅን ሁሉ ይቀጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤቱን ረስቷል። ስለዚህ ተመልካች በፊልም አዳራሽ ውስጥ ድምፁን ማሰማት የሚገባው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ በእርጋታ ማየት ያስፈልጋል።

በመሠረቱ እኛ ዝም ብለን የምንሰማ ሕዝብ አይደለንም። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ የሚለው አለ፣ ዲያቆኑ የሚለው አለ፣ ሕዝቡም የሚመልሰው አለ፤ የሕዝቡ ድርሻ ተሰጥኦ ይባላል፤ ያለ እርሱም ቅዳሴው ጎዶሎ ነው። በኦሮሞ ባህል አባት ሲመርቁ ተሰብሳቢው በኅብረት ይቀበላል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ስታወርድ ለቀስተኛው ይከተላታል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ሕፃናቱ ካልመለሱለት ተረቱን አይጀምርም። አዝማሪ ቤት የሄደ ደግሞ ያውቀዋል፤ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልማድ ይዞ ያደገ ሰው መብራት ስለጠፋ ብቻ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጥ ማለት ተፈጥሮውን ለውጥ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ካህኑ ሕዝቡን ይሰማል። መራቂው አባት ይሰማሉ። አዝማሪውማ የሚኖረው በመስማት ነው፤ የተሰጠው ግጥም ሰውን የሚያስቀይም ከሆነ አለዝቦ ወይም አጣምሞ ያልፈዋል። ቴአትርም እንዲሁ ነው። በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው በሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ሣቅ ሲመጣ ቆም ይላል፣ ሣቁ ሲበርድ ይቀጥላል፤ አዳራሹ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ድምፃችን የሚደርስበት ሰው አለና ምልልሱ ምልልስ ነው።

ፊልም ግን ጆሮ የለውም። ብንጮህ ጠላፊው ፈረሱን አያቆምም፤ ብናለቅስ ልጅቷ ቀና ብላ አታየንም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው ይታወቃል። ዛሬ በስያሜው እንሥቅ ይሆናል። ነገር ግን ያ ሰው ትልቅ ነገር ታዝቧል፤ የሚንቀሳቀስ፣ የሚሮጥ፣ የሚጣላ፣ ሲጠሩት ግን የማይሰማ ፍጡር ግድግዳ ላይ አይቷል። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ «ጉማ» ሲመጡ ግድግዳው በራሳችን ቋንቋ ተናገረ። በቋንቋችን ለሚናገረን መመለስ ደግሞ ልማዳችን ነው። ሆኖም የምንመልሰው ድምፅ ወደ ግድግዳው ደርሶ ይቀራል። የሚሰማው ከጎናችን፣ ከፊታችንና ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ የምናሰማው ድምፅ ሁሉ፣ ለፊልሙ የተናገርነው ቢመስለንም፣ ለጎረቤት የተነገረ ነው። ፍርዱም መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

በሌላው ዓለም ያለውን ስንመለከትም ነገሩ ይኸው ነው። በጃፓን ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው ታሪኩን ይናገሩ፣ የተዋንያኑንም ቃል ይወክሉ ነበር፤ ብዙው ተመልካች የሚገባው ቤንሺውን ሊሰማ ጭምር ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የተባለ ፊልም ከ1976 ጀምሮ በኒው ዮርክ በእኩለ ሌሊት ሲታይ ተመልካቹ ለተዋንያኑ መልስ መስጠትን፣ በሠርጉ ትዕይንት ላይ ሩዝ መበተንን ልማድ አደረገው። በህንድ አገር የተወደደ ተዋናይ ገና ብቅ ሲል አዳራሹ በፉጨትና በጭብጨባ ይናጋል፤ ሳንቲም የሚበትንም አለ። እነዚህ አዳራሾች ሥርዓት የለሽ ናቸው ልንል አንችልም። ትኬት የቆረጠው ሁሉ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል አውቆ፣ ወዶና ተስማምቶ የገባበት ስለሆነ ጩኸቱ የጋራ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አካባቢ እንይ። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች አሉ። የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊ ጎን ለጎን በአግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጮሃል፣ ይሰዳደባል፣ ዳኛውን ይረግማል። ዳኛው አይሰማም፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። ደስታው መጮሁ ነውና የመግቢያውን የሚከፍለው ለዚሁ ጭምር ነው። በዚያ ቤት ዝም በሉ የሚል ሰው ቢኖር የሚሣቅበት እሱ ነው። እንግዲያው ከዚያ ቤት የመጣ ወጣት ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ አዳራሻችን ቢገባ አይገርምም። የሚጠበቅበት ቤቱ መለወጡን ማወቅ ነው። የኳስ ቤቱን ስምምነት ማንም በአዳራሻችን አልተስማማበትም።

ይህን ስንል ግን «እንግዲያው በፊልም አዳራሽ ዝም ይባል» ማለታችን አይደለም። በእኛ እምነት ተገቢ የሆኑ ድምፆች አሉ፤ ጥቂቶቹን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ፊልሙ ራሱ የሚጠይቀው ድምፅ ነው። አስቂኝ ፊልም ተሠርቶ ሰው ካልሣቀ ሠሪው ከስሯል። ሰው ሲደነግጥ «ውይ!» ይላል፤ ሲያዝን ንፍጡን ይስባል፤ ግፈኛው ሲያዝ እጁ ሳያዘው ያጨበጭባል። ይህ የሁሉም ነው፤ ሳይመካከሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ወዲያው ይበርዳል። ብቻችንን በስልክ ከምናየው ይልቅ ሦስት መቶ ሆነን የምናየው ፊልም የሚጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚከለክል ደንብ ከወጣ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን አልጋችን ላይ ብንተኛ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዓይን ላጣ ዓይን የሚሆን ድምፅ ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ማየት ከተሳናቸው ወንድሞችና እህቶች ጋር መማርና ማስተማር ለእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ማየት የተሳነው ዕጩ መምህር ፊልም ሊሰማ ሲመጣ ጓደኛው በጆሮው «አሁን በሩን ዘጋች፤ ጠመንጃውን አነሣች» ይለዋል። ይህን ሹክሹክታ «እሽሽ!» ብለው የሚያስቆሙ ሰዎች አይተናል። ይህ ነውር ነው። ያ ሹክሹክታ ከጠፋ ለአንድ ሰው ፊልሙ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው፤ እኛ ግን የምንከፍለው ዋጋ ቢኖር ትንሽ መታገሥ ነው።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ የሚያሻግር ድምፅ ነው። በመካከላችን አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት፣ አማርኛ አፉን የፈታበት፣ ሌላም ቋንቋ የሚናገር አለ። ፊልሙ በአማርኛ ሲሆን አንዱ ይቸገራል፤ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ሌላው ይቸገራል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነማ ብዙዎቻችን እንደ ገባን ሆነን እንቀመጣለን። ለጎረቤት ዝቅ ባለ ድምፅ ማስተርጎም የመምህርነት የመጀመሪያው ልምምድ ነው ብንል አላጋነንም።

አራተኛ፣ ለጋራ ጥቅም የሚሰማ ድምፅ ነው። ድምፁ ተቋርጦ ምስሉ ብቻ ሲሄድ፣ መጋረጃው ሲጨልም «ድምፅ!» ብሎ መጥራት ተገቢ ነው። በድሮ ሲኒማ ቤቶች ፊልም ሲበጠስ አዳራሹ በፉጨት የሚደበላለቀው ለዚሁ ነበር።

በአንጻሩ ተገቢ ያልሆኑትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ፊልሙን ቀድሞ ያየና «አሁን ይሞታል፣ እይ!» እያለ የሌላውን ጉጉት የሚሰርቅ አለ። ስልኩን አብርቶ የሦስት ረድፍ ሰው ዓይን የሚወጋ፣ አልፎም «ሃሎ፣ ፊልም ላይ ነኝ» የሚል አለ። እነዚህ ነውረኞች ቢሆኑም ጥፋታቸው ቀላል ነው፤ ትከሻቸውን መታ ቢያደርጓቸው ያፍራሉ።

የዚያ ምሽቱ ፉጨት ግን ከእነዚህ ጋር የሚመደብ አይደለም። ለምን እንደሆነ እናስረዳ። «ድፍረት» ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ፊልም ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ አገባች ከተባለ ክስ እንዳይቀርብ በር ይከፍት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋ በኋላ የተደረገ ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል፣ በዚያው ዓመትም በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ይህ ሽልማት ዳኞች የሚሰጡት ሳይሆን አዳራሽ ገብቶ ያየው ሰው ድምፅ ሰጥቶ የሚወስነው ነው። እንግዲህ ለዚያው ፊልም አንዱ ተመልካች እንዲያ፣ ሌላው ተመልካች በፉጨት ድምፁን ሰጠ።

«ኧረ ቀልድ ነው» ለሚሉን ወገኖች የምንመልሰው አለን። ቀልድ ለሚሰማው ሰው ይቀለዳል። ጠላፊው አልሰማም፤ ተዋናይ ነው፣ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል። የሰማችው ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ናት። እርሷ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣች፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ በየትኛው መንገድ እየፈራች ታልፍ እንደነበረ፣ ከክፍል ጓደኞቿ መካከል ማን ድንገት እንደቀረችባት የሚያውቅ አለ? «በርታ» የተባለው በግድግዳው ላይ ላለው ጥላ ቢሆንም ቃሉ ያረፈው በእርሷ ጆሮ ላይ ነው። በነጋታውም ከዚያው ካፏጨው ሰው ጋር በአንድ የቡድን ሥራ ትቀመጣለች። እንግዲህ ይህ ማንን ገደለ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሣቁን ሁሉ ግን በአንድ ዓይን አናየውም። ሰው ሲጨነቅ ይሥቃል፤ የሚያፍርበትን ነገር በብዙ ሰው መካከል ሲያይ ዓይኑን መጣያ ሲያጣ ይሥቃል። አንዳንዱ ሣቅ እንዲህ ያለ ነው ብለን እናምናለን፤ የሚያስፈልገው ቁጣ ሳይሆን ውይይት ነው። ፉጨትና ማበረታቻ ግን ጭንቀት አይደለም። አስቦ፣ ትንፋሽ ስቦ፣ ሌላው እንዲሰማለት የሚደረግ ነው። ያፏጨው ሰው ትዕይንቱን ከፊልሙ ነጥቆ የራሱ ሊያደርገው ፈለገ፤ ዋጋውን ያስከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ወጥተው መሄድ የነበረባቸውም እነዚያ እህቶቻችን አልነበሩም።

«ትኬት ከፍያለሁ፤ መብቴ ነው» የሚል ክርክርም ሰምተናል። ጎረቤትህስ አልከፈለም? በአዳራሻችን የሚከፈል ነገር የለም እንጂ ቢከፈልም የሚገዛው አንድ ወንበር ነው። የሌላውን ሰው ጆሮ የሚሸጥ ትኬት የለም።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ይህን ጉዳይ በመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ገብቶ እንደነበር መምህራኖቻችን ያስታውሳሉ፤ ከዕጩዎቹም ታላላቆቹ ተምረውበታል። የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ ማንም መለሰ አልመለሰ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል የሚሰማው አልነበረም። በሕይወት ያለው መምህር ከጎን ቆሞ የሚሰማ ጆሮ ነበረው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ጊዜ አይሰጠውም። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ስክሪን በማይሰማበት ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ካልተገኘ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ወይ ሁሉም ይደነዝዛል፣ ወይ ጉልበተኛው ያሻውን ይላል።

ነገ ስድሳ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ስንቆም ይህ ፈተና በየቀኑ ይጠብቀናል። አንዱ ልጅ ተሳስቶ ሲያነብ ሌላው ያፏጫል። አንዲት ልጅ የተቀደደ ልብስ ለብሳ ስትገባ ከኋላ ሣቅ ይነሣል። «ዝም በሉ!» ብሎ በአለንጋ ጠረጴዛ የሚመታ መምህር ለጊዜው ጸጥታ ያገኛል፤ በዚያው ግን የሚጠይቀውንም፣ የሚያስረዳውንም፣ ለጓደኛው ሹክ የሚለውንም ልጅ አፍ ዘግቷል። ዝም የሚል መምህር ደግሞ ክፍሉን ለሚያፏጨው ልጅ አስረክቧል። የእኛ ሥራ ድምፅን ከድምፅ መለየት ነው። ይህን በራሳችን አዳራሽ ካልተለማመድነው የት እንለማመደዋለን?

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለፊልም ክበብና ለተቋሙ አስተዳደር እናቀርባለን።

1. የፊልም ምሽት አይቅር። ለብዙዎቻችን ሲኒማ ቤት መሄድ ማለት በታክሲ አዲስ አበባ ድረስ መውጣት ነው፤ አቅሙም ጊዜውም የለንም።

2. ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ በሦስት ደቂቃ ስለ ፊልሙ ይናገር። ከባድ ትዕይንት ያለበት ከሆነ ይነገር። የኮሜዲና የኳስ ምሽት ሲሆን ደግሞ «ዛሬ መጮህ ይቻላል» ተብሎ ይታወጅ፤ ሁሉም አውቆ ይግባ።

3. ማየት ለተሳናቸውና ማስተርጎም ለሚፈልጉ በአዳራሹ አንድ ጎን ረድፍ ይመደብ። እዚያ ሹክሹክታ መብት ይሁን።

4. ሰውን የሚያዋርድ ድምፅ ከተሰማ ፊልሙ ይቁም፤ መብራት ይብራ። ማንንም መደብደብም ሆነ መሳደብ አያስፈልግም። የክበቡ ኃላፊ «ይህ ለማን ነው የተባለው?» ብሎ ይጠይቅ። በብርሃን የሚደግመው ካለ እናያለን።

5. ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ውይይት ይኑር። በጨለማ ያላለቀ ነገር ሁሉ በብርሃን ይነገር። የወጡት እህቶቻችን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ መጀመሪያ ይናገሩ።

አራተኛው ሐሳብ «ፊልም ማቋረጥ የሁሉንም ደስታ ማበላሸት ነው» ተብሎ እንደሚተች እናውቃለን። እውነት ነው፤ ሁላችንም ሁለት ደቂቃ እናጣለን። በዚያ ምሽት ግን ጥቂቶች ፊልሙን በሙሉ አጥተዋል፤ የቀረነውም እንደ ምንም ነገር እስከ መጨረሻው አየነው። ሁለት ደቂቃ ለሁሉም ቢከፋፈል የሚከብድ ዋጋ አይመስለንም።

የሚቀጥለው ፊልም የሚመረጠው በዚህ ወር ነው። የማትስማሙ ካላችሁ፣ በተለይም ከኋላ ወንበር የነበራችሁ፣ ሐሳባችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሰፊ ነው፤ እናነባለን፣ መልስም እንሰጣለን።